የቤተሰብ ቪዲዮ ካሴቶች እንደ ታሪክ ምንጭ፦ ቅጂው ለጥናት፣ ዋናው ለባለቤቱ

ዓለም የሚያውቀው የወሎ ምስል በአመዛኙ ከውጭ በመጡ ሰዎች የተነሣ ነው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ከዘመተው የናፒየር ጦር ጋር የመሐንዲስ ክፍሉ ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ፤ የአምባውንና የዘመቻውን ምስል ይዘው ተመልሰዋል። በ1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኀብ ለብሪታንያ ተመልካች አሳየ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ መሐመድ አሚን የቀረጸውና ማይክል ቢዩርክ የዘገበው የኮረም ምስል ዓለምን አነቃነቀ። በረኀቡ ዘመን የተሠሩት ፊልሞች ለብዙዎች ሕይወት መትረፍ ምክንያት ሆነዋል። ሆኖም የወሎ ሰው በእነዚህ ምስሎች ውስጥ የሚታየው በጦርነትና በረኀብ ቀን ነው።

የሚድረው፣ የሚመርቀው፣ እንግዳ የሚቀበለው ወሎ በተንቀሳቃሽ ምስል የሚገኘው በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የቪዲዮ ካሜራ በአገሪቱ ከተሞች እየተስፋፋ ሲሄድ ሠርግ፣ መልስ፣ ክርስትናና ምረቃ መቀረጽ ጀመሩ፤ ውጭ አገር ላለ ዘመድ የሚላክ ካሴትም የደብዳቤን ያህል ተለመደ። እነዚህ ካሴቶች ከቤተሰብ ማስታወሻነት አልፈው የታሪክ ምንጭ ተብለው ሊያዙ ይገባል።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። የሠርግ ቪዲዮ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ተቀራጩ ለካሜራ ይዘጋጃል፤ ለቀራጭ መክፈል ያልቻለው ቤተሰብ አይታይም ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ታሪክ አጥኚ የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ ከሙሽሮቹ ጀርባ ያለውን ነው፦ የዳሱን አሠራር፣ የሴቶቹን የፀጉር አሠራርና ቀሚስ፣ የዘፈን አውጪዋን ግጥም፣ ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ እንግዳ ማዕዱ በምን ሥርዓት ተለይቶ እንደሚቀርብ። ይህን ጽፎ ያስቀመጠ ሰው ጥቂት ነው፤ ካሜራው ግን ሳያስበው መዝግቦታል።

ጊዜው አጭር ነው። የካሴቱ ክር በፕላስቲክ ላይ በሙጫ የተያዘ የማግኔት ብናኝ ነው፤ እርጥበት ሙጫውን ያላላዋል፣ ሻጋታም ያበቅልበታል። ክሩ ደኅና ቢሆን እንኳ ማጫወቻው እየጠፋ ነው። የቪኤችኤስ ዴክ በማምረት የመጨረሻ የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ ሥራውን ያቆመው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከክሩም ከዴኩም በፊት የሚጠፋ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም በምስሉ ውስጥ ያሉትን ሰዎች በስም የሚያውቀው አዛውንት ነው። ስም የሌለው ፊት ለአጥኚ ብዙ አይናገርም።

በሌላው ዓለም የተሞከረ መንገድ አለ። በጣሊያን ቦሎኛ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2002 የተመሠረተው የቤተሰብ ፊልሞች ቤተ መዛግብት ተራ ዜጎች የቀረጿቸውን ፊልሞች ይሰበስባል። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በልዩ ልዩ አገሮች በሚከበረው የቤተሰብ ፊልም ቀንም ሰዎች የቤታቸውን ፊልም ይዘው ይመጣሉ፤ አብረው ያያሉ፤ ያዩትንም ያስረዳሉ።

በመቅደላ አካባቢ ግን አሰባሰቡ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻል። ከአምባው የተወሰዱ ከ300 በላይ የብራና መጻሕፍት ዛሬም በለንደን ይገኛሉ። የጽሑፍ ቅርስ ከባለቤቱ ርቆ ሲቀመጥ ምን እንደሚያስከትል ይህ አገር ከማንም በላይ ያውቃል። ስለዚህ ካሴቱን ከቤተሰቡ ወስዶ በዩኒቨርሲቲ መጋዘን ማኖር ተገቢ አይሆንም። ዋናው በባለቤቱ እጅ ይቆይ፤ ለቤተሰቡም ለቤተ መጻሕፍቱም አንድ አንድ ዲጂታል ቅጂ ይዘጋጅ። ማን እንዲያየው፣ ከስንት ዓመት በኋላ እንዲከፈት የሚወስነው ቤተሰቡ ይሁን፤ በምስሉ ውስጥ የተፋቱም፣ የሞቱም፣ መታየት የማይሹም አሉና።

ለዚህ ሥራ ታላቅ ሕንፃ አያስፈልግም። በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች ያሉት መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ለባለካሴቶቹ ቅርብ ነው። አንድ የሚሠራ ዴክ፣ አንድ ኮምፒዩተርና ከአዛውንት ጎን ተቀምጦ ስም የሚመዘግብ ተማሪ ለመጀመር ይበቃሉ። ለጥናት ርእስ ወደ ሩቅ መዝገብ የሚያማትር ተማሪም አስቀድሞ የእናቱን ቁም ሣጥን ቢጠይቅ ይጠቀማል።