መኪናው ይሠራ ወይስ ሹፌሩ?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የደረሰን ከወደ አሜሪካ፣ ከቨርጂንያ ግዛት ከአሌክሳንድርያ ከተማ ነው። ጸሐፊዋ የ27 ዓመት ወጣት ስትሆን ስሟ እንዲገለጽ አልፈለገችም። ጉዳይዋ ግማሹ የፍቅር፣ ግማሹ የመኪና ነው። ደብዳቤውን አሳጠር አድርገን እነሆ፦

«እጮኛዬ ጥሩ ልጅ ነው። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ሌላ ሴትም አያይም። የኔ ጣውንት መኪናው ናት። የ1999 ሞዴል ማዝዳ ሚያታ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት የስፖርት መኪና ከገዛ ወዲህ ደመወዙ የት እንደሚገባ አላውቅም። መጀመሪያ ሰፋፊ ቸርኬና ጎማ አስገባላት። ቀጥሎ ‹ዝቅ ስትል ያምርባታል› ብሎ ሞላዋን በግራይንደር አስቆረጠ። ከዚያ ማርሚታዋን ቀየረ፤ አሁን ወደኔ ሲመጣ ከሩቅ ሰፈር ይሰማል። ባለፈው ወር ዝናብ እየዘነበ ከአውራ ጎዳናው ስንወጣ፣ መውጫው ኩርባ ላይ መኪናዋ እንደ እንዝርት ዞረችና ፊቷን ወደመጣንበት አድርጋ ቆመች። ከኋላችን መኪና ስላልነበረ ነው የተረፍነው። እኔ እየተንቀጠቀጥኩ እሱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹አየሽ፣ አሞርዛተሩ ነው። 2,000 ዶላር ባወጣባት መሬት ቆንጥጣ ትሄዳለች።› ሠርጋችን 5 ወር ቀርቶታል። 2,000 ዶላሩ ደግሞ ለአዳራሽ ያስቀመጥነው ነው። ‹ወይ እሷን ወይ እኔን ምረጥ› ልለው ቆርጫለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህቴ፣ እንኳን በሕይወት ተረፋችሁ። «ወይ እሷን ወይ እኔን» የሚለውን ቃል ግን ለጊዜው ዋጥ አድርጊው። እሱ አሞርዛተሩ ነው ብሎ ደምድሟል፤ አንቺ ደግሞ መኪናዋ ናት ብለሻል። ሁለታችሁም የረሳችሁት አንድ ነገር አለ፤ እሱም መሪውን የጨበጠው ሰው ነው።

ያን ቀን ምን ሆነ?

መኪና የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን መሬትን የሚነካው በአራት ጎማ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ጎማ ደግሞ አስፋልቱን የሚነካው ከመዳፍ ብዙም በማይበልጥ ቦታ ነው። መቆምም፣ መታጠፍም፣ መፍጠንም የሚቻለው በነዚሁ አራት መዳፎች ነው።

ጎማን እንደ ወር ደመወዝ ቁጠሩት። ደመወዙን በሙሉ ለፍሬን ካወጣችሁት ለመታጠፊያ የሚተርፍ የለም። ግማሽ ለፍሬን፣ ግማሽ ለመታጠፍ ማድረግ ይቻላል፤ ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ ማለት ግን ያልተከፈለ ገንዘብ ማውጣት ነው። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ደመወዙ ራሱ ይቀነሳል።

ሌላም አለ። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደፊት ይሄዳል፤ ነዳጅ ሲረገጥ ወደኋላ ይመለሳል። ኩርባ ውስጥ የገባ ሹፌር ፈጠን ማለቱን አይቶ ደንገጥ ይልና እግሩን ከነዳጁ ላይ ድንገት ያነሳል፤ አንዳንዱም ፍሬኑን ይጨምርበታል። በዚህ ጊዜ ክብደቱ ወደፊት ይጓዝና የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ። የቀለለ ጎማ ደግሞ መሬት አይቆነጥጥም። ከዚያማ ጅራቷ ቀድማ ትመጣለች! በደብዳቤሽ የጻፍሽው መዞር ከዚህ ጋር ቁርጥ ይመሳሰላል። በአዳዲስ መኪኖች ላይ እንዲህ ያለውን መዞር የሚያርም ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ አለ። አሜሪካ ውስጥ በሁሉም የቤት መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው ግን ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ነው። የ1999ኟ ሚያታ ይኼ የላትም። እሷን የሚያርማት ሹፌሯ ብቻ ነው።

ሞላ ማስቆረጡስ? አላሻላትም፤ ጎዳት እንጂ። የተቆረጠ ሞላ ለመተጣጠፍ የተሰጠው ቦታ ያጥራል፤ ትንሽ ጉብታ ሲመታ ወለሉ ይነካና ጎማው ከመሬት ይነሳል። አሞርዛተሩም የተሠራው ለሌላ ሞላ ስለሆነ ልኩን ያጣል። ሰፊ ጎማ ደረቅ አስፋልት ላይ ሊያግዝ ይችላል፤ ውሃ ባቆረ መንገድ ላይ ግን ከጠባቡ ይልቅ ቶሎ ይንሳፈፋል። ስለ ማርሚታው ብዙ ማለት አያስፈልግም። የሚጨምረው ጩኸት እንጂ አያያዝ አይደለም።

ፈረሱና ፈረሰኛው

ይቺ ሚያታ የምትባል መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ነው። የመጀመሪያዋ ሞተር 1.6 ሊትር፣ ጉልበቷም ከ120 የፈረስ ጉልበት በታች ነበር። ታዲያ በምን ተወደደች? በቅለቷ! ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ ሲሆን እሱም ለፊትና ለኋላ ጎማ እኩል ሊባል በሚችል መጠን ተከፋፍሏል። ጃፓኖቹ መሐንዲሶች ሐሳባቸውን «ጂንባ ኢታይ» ይሉታል፤ ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል ሲሆኑ እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተመርታለች።

ጉግስ ላየ የኛ ሰው ይኼ አዲስ ነገር አይደለም። ምን ዓይነት ፈረስ ቢሆን ልጓም መያዝ ለማያውቅ ሰው አይሆንም። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚባለውስ ለዚህ አይደል?

በዚያው በ1989 ሌላ ታሪክ ተፈጽሟል። ሆንዳ ኩባንያ ኤንኤስኤክስ የተባለችውን የስፖርት መኪና ለገበያ ሊያቀርብ ሲዘጋጅ፣ በወቅቱ የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ብራዚላዊ በጃፓኑ የሱዙካ መወዳደሪያ ላይ ነድቶ እንዲፈትሻት ተደረገ። ሻምፒዮኑ ነድቶ ሲወርድ የመኪናዋ አካል በበቂ ሁኔታ አልጠነከረም የሚል አስተያየት ሰጠ። መሐንዲሶቹ ተመልሰው አካሏን አጠነከሩት።

ልብ በሉ! ስንት መሐንዲስ የደከመባትን መኪና ጉድለት አንድ ሰው በወንበሩና በመሪው በኩል በሰውነቱ አዳምጦ አገኘው። ወንድሜ፣ ይቺ ላንተ ናት። ነድቶ ጉድለቱን መለየት የማይችል ሰው የትኛው ዕቃ እንደሚያስፈልገው በምን ያውቃል? «አሞርዛተሩ ነው» ያልከው ከየት አምጥተህ ነው? እግርህ ይሁን አሞርዛተሩ ሳይለይ 2,000 ዶላር ማውጣት፣ ሐኪም ሳያዩ መድኃኒት መግዛት ነው።

ገንዘቡ በምን ቅደም ተከተል ይውጣ?

መኪናዋን ማሻሻል ኃጢአት አይደለም። ቅደም ተከተሉ ግን እንዲህ ነው፦

1ኛ. ያለው ይጠገን። ዕድሜዋ የገፋ መኪና ቦኮላዋ ይደርቃል፣ ቴስቲኒዋ ይላላል፣ አሞርዛተሯ ዘይት ያፈሳል። የተቆረጠው ሞላ ይውጣና ለሞዴሏ የተሠራው ይመለስ። ብዙ ጊዜ «ተሻሻለች» የሚባለው መኪና ወደ ድሮ ጤንነቱ የተመለሰ ብቻ ነው።

2ኛ. ጎማ። ከሁሉም ዕቃ በላይ ለውጥ የሚያመጣው ይኼ ነው። አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ ልካቸውም አምራቹ ካዘዘው አይራቅ። ጎማው ጎን ላይ በአራት አኃዝ የተጻፈ ቁጥር አለ። 2319 ካለ፣ የተመረተው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። ጥርሱ ቢያምርም ዕድሜው የሄደ ላስቲክ ይደርቃል። ንፋሱን ደግሞ በወር አንዴ፣ ጎማው ሳይግል መለካት ነው።

3ኛ. አላይመንት። ጎማዎቹ ወዴት እንደሚያዩና ምን ያህል እንዳጋደሉ በመሣሪያ ይስተካከል። መኪናዋ ዝቅ ከተደረገች በኋላ ይኼ ካልተሠራ መሪው ይዋሻል፤ ጎማውም በአንድ ጎኑ ይበላል።

4ኛ. ፍሬን። ጥሩ ሸራና አዲስ የፍሬን ዘይት። ይኼ ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ሲያረጅ በቶሎ ይፈላል። በተደጋጋሚ ፍሬን ሲያዝ ፔዳሉ እየሰመጠ የሚሄደው አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

5ኛ. ከዚህ ሁሉ በኋላ የስፖርት ሞላና አሞርዛተር፤ እሱም ሁለቱ ተስማምተው የተሠሩ፣ በአንድ ላይ የሚገቡ። ስታብላይዘር የሚባለው መኪናዋ በኩርባ ላይ እንዳታጋድል የሚይዘው ብረትም አለ። የኋላውን ብቻ ማወፈር ጅራቷን ይበልጥ ለመንሸራተት ያዘጋጃታል። በዝናብ ለዞረች መኪና ይኼ ጠላት ነው።

ሹፌሩስ የት ይሠራ?

እናንተ ያላችሁበት አገር ለዚህ የታደለ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም ሳይርቅ በዌስት ቨርጂንያ ሰሚት ፖይንት የሚባል የመኪና መወዳደሪያና የማሠልጠኛ ቦታ አለ። አስተማሪ አጠገብ ተቀምጦ፣ ሄልሜት አድርጎ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ በሚነዳበት ቦታ ይማሩበታል። ርካሹ መንገድ ደግሞ አውቶክሮስ ነው። ሰፊ ባዶ ሜዳ ላይ የላስቲክ ኮን ይደረደርና ሹፌሮች ተራ በተራ በሰዓት እየተለኩ ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1944 የተቋቋመው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ በየግዛቱ ያዘጋጀዋል። ቢሳሳቱ የሚወድቀው ኮን ነው።

እዚያ የሚማረው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ግን ሕይወት ነው፦

ሀ) አቀማመጥ። ጀርባ ወንበሩን ሳይለቅ የእጅ አንጓ የመሪውን ጫፍ ይንካ። እጆች እንደ ሰዓት በ9 እና በ3 ላይ ይሁኑ። ተንጋሎ በአንድ እጅ መንዳት ለፎቶ ነው።

ለ) ዓይን። መኪና ሹፌሩ ወደሚያይበት ይሄዳል። አጥሩን ያየ አጥሩን ይመታል፤ መውጫውን ያየ ይወጣል።

ሐ) ፍሬን በቀጥታው፣ መሪ በኩርባው፣ ነዳጅ በመውጫው። ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባ ከመግባት በፊት ነው። ከገቡ በኋላ እግርን ድንገት ማንሳት ምን እንደሚያመጣ አይታችኋል።

መ) መንሸራተትን መልመድ። ሆን ተብሎ ውሃ በፈሰሰበት ሜዳ ላይ በዝግታ ጅራቷን እየለቀቁ መመለስ። በ40 ኪሎ ሜትር ያልተማረ ሰው በ100 ሊማር አይችልም።

ሠ) ፍጥነትን በልክ መፍራት። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን ተይዞ እስኪቆም ያለው ርቀት ወደ አራት እጥፍ ያድጋል። ይኼን የትኛውም አሞርዛተር አይለውጠውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ

ሥልጠና ክትባት አይደለም። በ1980ዎቹ ኖርዌይ ውስጥ ለአዲስ ሹፌሮች በተንሸራታች ሜዳ የሚሰጥ ትምህርት ግዴታ ሆኖ ነበር። ውጤቱ ሲጠና በወጣት ወንዶች ላይ አደጋው ቀንሶ ሳይሆን ጨምሮ ተገኘ። ለምን? «ተምሬያለሁ፣ አወጣታለሁ» የሚል ልብ ሰጣቸው። እውነተኛ ተማሪ ከሜዳው ሲወጣ ልቡ የሚያብጥ ሳይሆን «ለካ እንዲህ በቀላሉ ታመልጣለች!» ብሎ እግሩ የሚለዝብ ነው። ደግሞም ብዙ የኢንሹራንስ ውሎች በመወዳደሪያ ሜዳ ላይ የሚደርስ ጉዳትን አይሸፍኑም። ከመሄዳችሁ በፊት ውሉን አንብቡ፤ መኪናዋ ላይ የተለወጠውንም ዕቃ ለኢንሹራንሱ አሳውቁ።

እህቴ፣ እንግዲህ ፍርዱ ይኼ ነው። የአዳራሹ ገንዘብ ለአዳራሹ ይሁን፤ 2,000ውን አትንኩ። ከሠርጉ በፊት ከራሱ ደመወዝ ሞላው ይመለስ፣ ጎማና አላይመንት ይስተካከል፣ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ይግባ። ይኼ እስኪሆን በዝናብ አብረሽው አትሂጂ፤ ይኼን ብትዪ ንዝንዝ አይባልም። የትምህርቱ ቀን ሲደርስ ግን አንቺም ሂጂ። ተመልካች ሆነሽ ሳይሆን ተማሪ ሆነሽ! መሪውን ጨብጠሽ ጅራቷ ስታመልጥ በእጅሽ ካወቅሽው፣ ከዚያ በኋላ «ቀስ በል» ስትዪው የሚያውቅ ሰው ንግግር ይሆናል። «አልማርም፣ ዕቃ ብቻ ግዙልኝ» ካለ ግን፣ ያኔ ችግሩ የመኪና አይደለምና ሌላ ደብዳቤ ጻፊልን።

ለኛዎቹም

እዚህ አዲስ አበባ ያላችሁ፣ «እኛ ምን የስፖርት መኪና አለን?» እንዳትሉ። ቪትዝና ኮሮላ ሞላቸውን አስቆርጠው ጉብታ ላይ ወለላቸው ሲፋቅ በየሰፈሩ እንሰማለን። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ያለችውን አሮጌ መኪና በጤና መያዝ የግድ ሆኗል። ኤሌክትሪክ የያዛችሁም አትዘናጉ። ባትሪዋ ክብደት ይጨምርባታል፣ ስትረገጥም ወዲያው ትወረወራለች። አራቱ መዳፎች ግን ያው አራት ናቸው።

ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ ጎሚስታው ዘንድ ጎራ በሉና የጎማችሁን አራት አኃዝ አንብቡ። የመጀመሪያው ዝናብ አስፋልቱ ላይ የከረመውን ዘይትና አቧራ አቡክቶ ሳሙና ሲያደርገው እግራችሁን አለዝቡ። የአዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ 120 መፈቀዱ በዝናብም 120 ንዱ ማለት አይደለም። ለመወዳደር ያማረው ደግሞ የተዘጋ ሜዳ ይፈልግ፤ ቀለበት መንገድ የእግረኛም መንገድ ነው።

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ፣ ቸር ሰንብቱ!