አልፈታ ያለው ኦክስጅን ሴንሰር

የዛሬው ደብዳቤ እንደ ልማዳችን የፍቅር ብቻ አይደለም፤ ጋራዥም አለበት። ለማንኛውም አንብቡትና ፍረዱ።

«አባቴ ሲያርፍ ትቶልን የሄደው ንብረት ቢኖር አንዲት አሮጌ ኮሮላ ናት። ፈረንጆቹ በ1990ዎቹ ከሠሯቸው አንዷ ነች። በእሷ እየሠራሁ እናቴንና ሁለት እህቶቼን አስተዳድራለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ቤንዚን ‹ትበላለች› ማለት አይገልጸውም... የማርሚታው ጫፍ ጥላሸት ለብሷል፣ የሞተር መብራቱ በርቶ አይጠፋም። መካኒኩ ‹ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው› ብሎ ሊፈታው ግማሽ ቀን ታገለና አቃተው። አሁን አንዱ ‹ማኒፎልዱን ጭምር ቀይር› ይለኛል፣ ሌላው ‹ሽቦውን ቁረጥና እርሳው› ይለኛል። ለሠርግ ቀን የቆረጥንባት እጮኛዬ ደግሞ ‹ሽጣትና እንገላገል!› ብላ አኩርፋለች። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ ለመሸጥ አትቸኩል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እንዳንተ ያለችው አሮጊት መኪና በእንክብካቤ የምትያዝ ሆናለች። ስለ እጮኛህ በኋላ እንመለስበታለን። (ካርቡሬተር ያላት ዲኤክስ የምትነዱ አንባቢዎቻችን ግን ገጹን ብታልፉት አይቆጨንም፤ ይሄ ጣጣ እናንተን አይነካም።)

መጀመሪያ ዕቃው ምንድን ነው? ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ እያሸተተ «ኦክስጅን ተርፏል፣ ኦክስጅን የለም» ብሎ ለመኪናው ኮምፒውተር የሚናገር፣ ካንዴላ የሚመስል ነገር ነው። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ሠርቶት መጀመሪያ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1976 በቮልቮ መኪና ላይ ነው። ኮምፒውተሩ በእሱ ወሬ ተነሥቶ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር እንዲደርስ ይመጥናል። ሴንሰሩ ሲሞት ኮምፒውተሩ ዓይኑን የታሰረ ሰው ይሆናል፤ በግምት ይቀዳል፣ አብዛኛውን ጊዜም አብዝቶ ይቀዳል። «ሽቦውን ቁረጥና እርሳው» ያለህ ሰው እንግዲህ ይህንኑ በሽታ ቋሚ አድርገው ማለቱ ነው። ካታሊቲክ ኮንቨርተሯ ካልተነቀለላት ደግሞ ያልተቃጠለው ቤንዚን እሱንም ያበላሽልሃል። ድሮ ሴንሰሩን ይገድለው የነበረው እርሳስ ያለበት ቤንዚን ነበር፤ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መግቢያ ስላቆሙት ዛሬ በእሱ ማመካኘት አይቻልም።

ታዲያ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት መኪናዋን ራሷን ጠይቃት! የዚያ ዘመን ቶዮታ ኮፈኗ ውስጥ «ዲያግኖሲስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ጥቁር ሳጥን አላት። ክዳኑን ክፈትና «ቲኢ1» እና «ኢ1» የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኛቸው። ከዚያ ሞተሩን ሳታስነሣ ቁልፉን ብቻ አብራ። የሞተር መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ሁለቴ ብልጭ ብሎ ትንሽ ቆይቶ አንዴ ከደገመ 21 ነው፣ ችግሩም በኦክስጅን ሴንሰሩ በኩል ነው ማለት ነው። 22 ካለህ ግን የውኃ ሙቀት ሴንሰሩ ነው። እሱም ቤንዚን ያስበላል፣ ለመፍታትም እንዲህ አያስለቅስም። የአየር ማጣሪያህንም ሳታይ እንዳትቀር።

አሁን ወደ ትግሉ። ጎንበስ ብለህ አያያዙን እይ። በአንዳንድ ቶዮታ ላይ ሴንሰሩ በሁለት ትናንሽ ዳዶ ታስሮ ነው የሚቀመጠው፤ በሌላው ደግሞ ራሱ እንደ ቡሎን ይጠመዘዛል። ሁለተኛው ከሆነ የሚይዘው 22 ቁጥር ቁልፍ ነው። እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ... 22 ቁልፍ አጥቼ አፉ በሚሰፋና በሚጠብ ቁልፍ ብታገል ማዕዘኖቹን ላጭቼ እንደ እንቁላል አሞለሞልኩት። በፒንሳ ልጨርሰው ስል ደግሞ አንጓዬን ማኒፎልዱ ላይ አሳረርኩት። ጠባሳው ዛሬም አለ።

አንተ እንዲህ አድርግ። ማታ መኪናዋ ቀዝቅዛ ስታድር ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ሥሩ ላይ ርጭ አድርግበትና ተወው። በጋለ ማኒፎልድ ላይ ግን አትርጭ፣ እሳት ሊነሣ ይችላል። ጠዋት ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነሣና አጥፋው፤ ብረቱ ሲሞቅ ሰፋ ስለሚል ይለቅቃል። ወፍራም ጓንት አድርግ። የሴንሰሩን ሶኬት ንቀል። ሴንሰሩ መሞቱ ከተረጋገጠና አዲሱ በእጅህ ካለ፣ ያን ጊዜ ሽቦውን መቁረጥ ትችላለህ፤ ምክንያቱም ያኔ ስድስቱንም ማዕዘን የሚይዝ ድፍን ቁልፍ ከላይ ማጥለቅ ይቻላል። ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክተህ ቀስ ብለህ ተጫን እንጂ በመዶሻ አትደብድብ። ሩብ ዙር ከተንቀሳቀሰልህ አትጓጓ! መልሰህ አጥብቀው፣ ሲበርድ ዘይት ጨምርበት፣ እንደገና ፍታው። እየሄደ እየተመለሰ ነው የሚወጣው። በአንድ ትንፋሽ ጎትቶ ማውጣት ጥርሱን ይልጠዋል። ባለ ሁለት ዳዶው ዓይነት ከሆነም ዘይቱና ትዕግሥቱ ያው ነው፤ ጉልበት ካበዛህበት ዘንጉ ይሰበራል።

ይህም ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካለ ብየዳ ቤት ውሰዳት። ባለሙያው ሴንሰሩን ሳይሆን ዙሪያውን ያለውን ብረት በጋዝ እሳት ያግለውና ይፈታዋል። የባትሪው ገመድ ይፈታ፣ የቤንዚን መስመር እንዳያፈስ ይታይ፣ የተረጨው ዘይት ይጠረግ፣ እሳት ማጥፊያም አጠገብ ይኑር። ጥርሱ ቢላጥ እንኳ ቶርኖ ቤት በ18 ሚሊሜትር በ1.5 ጥርስ መልሰው ያወጡለታል፣ ወይም አዲስ መቀመጫ ይበየድለታል። «ማኒፎልድ ቀይር» ያለህ ሰው ወይ አያውቅም ወይ የሚሸጥ ማኒፎልድ አለው!

ሶማሌ ተራ ስትወርድ አሮጌውን ይዘህ ሂድና የሽቦውን ብዛት አመሳስል፤ ባለ አንድ ሽቦና ባለ አራት ሽቦ አይተካኩም። ከሌላ መኪና የተነቀለ ርካሽ ነው፣ ግን ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረው ሻጩም አያውቅም። አዲሱ ጥርሱ ላይ ቅባት ተቀብቶ ከመጣ ሌላ አትጨምር፤ ከሌለው ሙቀት የሚችል የመዳብ ቅባት ጥርሱን ብቻ ቀባ። ጫፉን አትንካ፣ እንዳይወድቅብህም ተጠንቀቅ። ሲሊኮን ማሸጊያ አጠገቡ እንዳይደርስ፣ ይመርዘዋል። መጀመሪያ በእጅህ አጥምዝዘው፣ በቁልፍ የምታጠብቀው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው።

ወደ እጮኛህ ስንመጣ... ልጅቷ ያኮረፈችው በኮሮላዋ አይመስለኝም። ለጎጆ የምታስቀምጡት ገንዘብ ማደያ ሲቀር እያየች ነው። ስለዚህ ክርክሩን ተወውና ደብተር ግዛ። ሴንሰሩ ሳይቀየር ለሁለት ሳምንት የቀዳኸውን ሊትርና የሄድከውን ኪሎ ሜትር ጻፍ። ከተቀየረ በኋላም ለሁለት ሳምንት ጻፍ። ደብተሩን እሷ ትያዘው፣ ሒሳቡንም እሷ ትሥራው። ለውጥ ከሌለ ስለ መሸጥ ያነሣችውን ከእናትህ ጋር ሆናችሁ ብትነጋገሩበት ተገቢ ነው፤ መኪናዋ የአባትህ ናትና የእናትህ ድምፅ ይቅደም። ለውጥ ካለ ግን የሠርጉን ጥሪ ለእኛም ላክልን፣ በኮሮላዋ ከሆነማ ቀድመን እንመጣለን።