መንታ ልጆች በአንድ መርከብ

በባሕር ላይ እየተጓዙ መማር አዲስ ነገር አይደለም። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1926 ዓ.ም. ሪንዳም የተባለች መርከብ 500 ያህል ተማሮችን አሳፍራ ከአሜሪካ ተነሥታ ዓለምን ዞረች፤ ዛሬም እንዲህ ያለ የመርከብ ትምህርት አለ።

መንታ ልጆች በዚህ ጉዞ አብረው ሲሄዱ ወላጆች ይደሰታሉ፤ አንዱ ቢታመም ሌላው ያስታምመዋልና። ነገር ግን እርስ በርሳቸው ብቻ የሚነጋገሩ ከሆነ የሰው አገር ሳያውቁ ይመለሳሉ። ኤሳውና ያዕቆብ በአንድ ቀን ቢወለዱም አንዱ አዳኝ፥ ሁለተኛው ቤት ወዳድ ነበረ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ በአንድ መርከብ ስደዱአቸው፤ ዳሩ ግን ደብተራቸውም ወዳጃቸውም የየራሳቸው ይሁን፤ ደብዳቤም ለየብቻ ይጻፉላችሁ። ማታ ሲገናኙ አንዱ ያላየውን ሌላው ይነግረዋል፤ የጉዞውም ትምህርት እጥፍ ይሆንላቸዋል።