«እማማ፣ እንደገና ይቀበሉ»

የፋሲካ ዶሮ አልቆ ድስቱም ታጥቦ ቦታው ገብቷል፤ የእኔ ንዴት ግን እስካሁን አልበረደም። ነገሩ የሆነው በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ፣ በከተማችን ከፍራንኮ ሰፈር አለፍ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። «ለአቅመ ደካማ ወገኖች ማዕድ የማጋራት መርሐ ግብር» ይላል ባነሩ። የአዘጋጁን ስም አልጠራም፤ ባነሩ ላይ ከበዓሉ ስም ገዝፎ ስለተጻፈ የእኔን እርዳታ አይፈልግም።

ጥሪው ለ3 ሰዓት ነበር። የክብር እንግዳው የደረሱት 6 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። የናዝሬትን የሚያዝያ ፀሐይ የቀመሰ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። (ናዝሬት ያልኩት በልማድ ነው፤ አዳማ በሉልኝ። በዚህ ጉዳይ ደግማችሁ ደብዳቤ እንዳትጽፉልኝ፣ ያለፈው ይበቃናል።) ድንኳን ተጥሏል። ከሥሩ ያሉት ወንበሮች ግን ነጭ ጨርቅ ለብሰው እንግዳ ይጠብቃሉ። እናቶቹና አባቶቹ ከድንኳኑ ውጭ፣ አጥሩ ሥር ባለች አንድ ክንድ በማትሞላ ጥላ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ሕማማት ነውና ብዙዎቹ ውሃም አልቀመሱም።

ዕደላው ተጀመረ። ወደ ሰማንያ የሚጠጉ አንዲት እናት ስማቸው ተጠርቶ ወጡና ባለ 5 ሊትሩን ዘይት በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «እማማ፣ አልመጣም፤ እንደገና ይቀበሉ» አለ ካሜራ የያዘው ልጅ። መለሱት። እንደገና ተቀበሉ። «አሁን ወደዚህ እያዩ!» ደግሞ መለሱት። በመጨረሻው ላይ ግራ ገብቷቸው ነው መሰለኝ፣ ዘይቱን ትተው የሰጪውን እጅ ሊስሙ ጎንበስ አሉ። በማግስቱ ተመርጦ የወጣው ፎቶ ይኸኛው ነው።

«አንተ ደግሞ ከካሜራ ጋር ምን አለህ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የማስታወቂያ ባለሙያው ወዳጄም በዚሁ ስንት ጊዜ አኩርፎኛል። «ካሜራ ካልመጣ ሰጪ አይመጣም፤ ሰጪ ካልመጣ ድሃው ምን ይብላ?» ይላል። እንግዲያው የሰጠው ለካሜራው ነው፤ ዘይቱንም ካሜራው ይጥበስበት። ከዚህ በላይ ለእሱ የምሰጠው መልስ የለኝም።

በማግስቱ ጸሎተ ሐሙስ ነበር። በደብራችን ውሃው ከተጸለየበት በኋላ አባቶች የወይራና የወይን ቅጠል እየነከሩ የምእመናኑን እግር አጠቡ። ከእኔ ፊት የነበረው የቀን ሠራተኛ ነው፤ ተረከዙ ተሰነጣጥቆ ስንጥቁ ውስጥ ሲሚንቶ ደርቋል። አጣቢው ቄስ ሽማግሌ ናቸው። ወገባቸው አልታዘዝ ቢላቸው አንድ እጃቸውን በዲያቆኑ ትከሻ ላይ አስደግፈው ነው ዝቅ የሚሉት። ጎልማሳው እግሩን አይቶ አፈረና ሊሰበስበው ሞከረ። ቄሱ ቁርጭምጭሚቱን ያዝ አድርገው፣ ምንም ሳይናገሩ፣ ቅጠሉን ስንጥቁ ላይ ደግመው ደጋግመው አሹት። ሲሚንቶው እንኳን አልለቀቀም። ጴጥሮስም ክርስቶስ እግሩን ሊያጥበው በቀረበባት ማታ አሻፈረኝ ብሎ ነበር፤ የሚከብደው ማጠቡ ብቻ አይደለም።

የሁለቱን ቀን ልዩነት ያኔ ነው ያየሁት። ረቡዕ ዕለት ያጎነበሰው ተቀባዩ ነበር፤ ሐሙስ ዕለት ያጎነበሰው ሰጪው ነው። ክርስትና አገልግሎት የሚለው ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያው ግብር ማብላት ነው፤ እሱንማ ክርስቶስን የማያውቁ ነገሥታትም አሳምረው ያውቁበት ነበር።

እግር ማጠብ ደግሞ ለእኛ በዓመት አንድ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ የሚታይ ነገር አልነበረም። የእናቴ ወገኖች የምንጃር ሰዎች ናቸው። ጤፍ ጭነው ወደ ናዝሬት ገበያ የሚወርዱ መንገደኞች አያቴ ቤት ያድሩ ነበር። እንግዳው ገና አረፍ ሳይል ለብ ያለ ውሃ በገበቴ ይቀርባል፤ አጣቢው የቤቱ ልጅ ነው። እኔም በክረምት ዕረፍት ስሄድ ተራ ደርሶኛል። አቧራው፣ የእሾሁ ውጋት፣ የጎማ ጫማው የቀደደው ጣት፤ እሱን አጥበህ፣ ጉልበት ስመህ ትነሳለህ። እንግዳው አያመሰግንም፤ «እደግ!» ይልሃል። ማን እንደሆነ አይጠየቅም። አያቴ ስሙን የምትጠይቀው ራት ከበላ በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ አንዳንድ አንባቢዬን ደስ የማያሰኝ ነገር ላነሳ ነው። ይቺ ከተማ ዝቅ ብሎ ማገልገልን በዓይኗ ካየችባቸው ቦታዎች አንዱ የኃይለ ማርያም ማሞ ሆስፒታል ነው፤ የከፈቱትም ከፕሮቴስታንቶች ወገን የሆኑት ሜኖናይት ሚሲዮናውያን ናቸው። በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ የጥጥ መዳመጫ የነበረ ቤት ጠርገው አልጋ ዘረጉበት። ስሙን ያገኘው ጣሊያንን ሲዋጋ በ1930 ከወደቀው ከሸዋው አርበኛ ነው። በ1936 የወጣው የሚሲዮን ድንጋጌ አገሩን ለስብከት «ክፍት» እና «ዝግ» ብሎ ከፍሎት ነበር፤ የኦርቶዶክስ ምእመን ያለበት አካባቢ ዝግ ነበር፤ ማከምና ማስተማር እንጂ መስበክ አይፈቀድም ነበር። እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ፣ ድንጋጌውንም አልነቅፍም። እንዲያውም ለሚሲዮናውያኑ ለራሳቸው ትልቅ ውለታ የዋለላቸው ይመስለኛል። አፍ ሲዘጋ እጅ ብቻ ይቀራል፤ እጅ ደግሞ መዋሸት አይችልም።

ሆስፒታሉ ድሬሰሮችን ያሠለጥን ነበር። ድሬሰር የሚለውን ቃል የዛሬ ልጆች አያውቁትም ይሆናል፤ ከሐኪም በታች፣ ከሁሉም ሰው አጠገብ የሆነ ሰው ማለት ነው። ከዚህ የተመረቁት እየወጡ በየትንንሹ ከተማ ክሊኒክና መድኃኒት ቤት ከፈቱ። ከሚሲዮኑ ሥራ የበቀለችው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያ መሪዎች ከነበሩት ውስጥም ብዙዎቹ እነዚሁ መርፌና ፋሻ የያዙ ሰዎች ናቸው።

እኛ ሰፈር አንድ ነበሩ። ሰፈሩ «ዶክተር» ይላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ «ድሬሰር ነኝ» እያሉ ያርማሉ። ከወንጂ የሸንኮራ ቆራጮች በገጀራ እግራቸውን እየተመቱ ይመጣሉ። አንዳንዱ ቁስሉን ቡና ነስንሶበት፣ በጨርቅ አስሮ፣ ሳምንት አሳልፎ ነው የሚመጣው፤ ሽታው ከበር ይቀበልሃል። ጋሼ ዱካቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ የሰውየውን እግር ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ጨርቁን በሞቀ የጨው ውሃ እያራሱ ቀስ አድርገው ይልጡታል። አይቸኩሉም፣ አፍንጫቸውንም አይዙም። እያጠቡ ስለ ዝናቡና ስለ በሬው ይጠይቁታል፤ በኦሮምኛ ለሚመጣው በኦሮምኛ፣ በወላይትኛ ለሚመጣው በሰባራ ወላይትኛ። ገንዘብ ያለው ይከፍላል፣ የሌለው እንቁላል ይዞ ይመጣል፤ እንቁላልም የሌለው በሳምንቱ ፋሻ ሊያስቀይር ይመጣል። እናቴ የማርያም ወዳጅ ነበረች። «ሰውየው ጴንጤ ነው» እያለች ታማትብና እኔን ራሴን ሲፈነክቱኝ ወደ እሳቸው ይዛኝ ትሮጣለች። አንድም ቀን ሲሰብኩ አልሰማኋቸውም።

በጥር 1974 ደርግ መሠረተ ክርስቶስን ዘጋ፤ መሪዎቿን ለዓመታት አሰረ፤ ንብረቷን ወሰደ። 5,000 ገደማ የነበሩት አባላት ግን ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። አዳራሽ የለም፣ ድምፅ ማጉያ የለም፣ በየቤቱ በጣት የሚቆጠር ሰው ነው የሚገናኘው። የታሰረ ሰው ቤተሰብ ጤፉን ከየት እንደመጣ ሳያውቅ በሩ ላይ ያገኝ ነበር ይላሉ የሚያውቁ። ዛሬ አዳራሹም ድምፅ ማጉያውም ተመልሷል፤ ጎረቤቶቻቸው ይመሰክራሉ። የእኛም ደብር ማይክ ከነሱ አያንስምና ይኼን ነገር እዚህ ላይ ልተወው።

ወደ ደቡብ ብትወርዱም ስምጥ ሸለቆው በእንዲህ ያለ ሰው ድሃ አይደለም። ሻሸመኔ በ1940ዎቹ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ሲከፈት፣ ዘመድ እንኳን ሊነካው የሚፈራውን ሰው የሚነካ እጅ ተገኝቷል። ዝዋይ ላይ ደግሞ አቡነ ጎርጎርዮስ ነበሩ። ሊቀ ጳጳስ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ተቀምጠው ቡራኬ መስጠት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ሐይቁ ዳር ወርደው በገዳሙ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች አሳደጉ፤ የገጠር ካህናትን ሰብስበው አስተማሩ፤ ከዩኒቨርሲቲ የመጡትን ወጣቶች አቀረቡ። በ1982 በመኪና አደጋ ሲያርፉ ገና የሚሠሩበት ዕድሜ ላይ ነበሩ።

ወዳጄ የማስታወቂያ ባለሙያው ግን ይኼን ሁሉ ሰምቶ «ክብርት አበበች ጎበናስ? እሳቸውን አገር ያወቃቸው በካሜራ አይደል?» አለኝ። አዎ፣ በካሜራ ነው። ግን መቼ? በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያም ተሳልመው ሲመለሱ ረሃብ ከጨረሳቸው ሰዎች መካከል ሕፃናት አንስተው ይዘው መጡ። ባላቸውም ዘመዱም ልጆቹን ወይም ትዳርሽን ምረጪ ሲሏቸው ልጆቹን ይዘው ከሞቀ ቤታቸው ወጡ፤ «አበደች» ተባሉ። ያኔ የትኛው ካሜራ ነበር? ካሜራው የመጣው ሥራው ከተሠራ በኋላ ነው። በ2013 በኮሮና ሲያርፉ ያለቀሱላቸው በእሳቸው እጅ ያደጉት ናቸው።

ስለ ካሜራ ልጽፍ ተነስቼ የት እንደደረስኩ እኔም አላውቅም፤ ግን ካነሳሁት አይቀር ይቺን ልጨምር። ያ የጥጥ መዳመጫ ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ሆኗል። ከአርሲ ደጋ፣ ከወለንጪቲ፣ ከመተሐራ በሽተኛ ይመጣበታል። በሽተኛው ሐኪም አለው፣ ነርስ አለው፣ አልጋ አለው። አስታማሚው ግን ማን አለው? ከአሰላ በላይ ካለ ብርዳም ቀበሌ ጋቢውን ደርቦ የመጣ አባት፣ በዚህ ሙቀት ጋቢውን ታቅፎ አጥር ጥግ ያድራል። መድኃኒት ግዛ ሲባል ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ለራሱ ዳቦ መግዣ ይጎድለዋል። ከተማው ውስጥ የሚያውቀው ሰው የለም። አጠገቡ ያለውን አስታማሚ ግን በሁለተኛው ቀን እንደ ወንድም ያውቀዋል፤ አንዱ ሲያሸልብ ሌላው የሁለቱንም በሽተኛ ይጠብቃል፤ አንዱ ክርስቲያን፣ ሌላው ሙስሊም ቢሆን ማንም ጉዳዬ አይለውም።

አመሻሽ ላይ አንዳንድ ወጣቶች ወደዚያ ሲሄዱ አያለሁ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አሉ፤ የጴንጤ ልጆች አሉ። በረመዳን ደግሞ ሾርባና ቴምር ይዘው የሚመጡ እናቶች አሉ። ቲሸርት አላሳተሙም። አንዷን ልጅ «ከየትኛው ማኅበር ናችሁ?» ብላት ሳቀችብኝ፤ ከጓደኞቿ ጋር የሻይ ቅጠል ገንዘብ አዋጥተው ነው። አንድ አባት ሻይ ስትቀዳለት እጇን ሊስም ሲል እሷ ቀደም ብላ ጉልበቱን ሳመችው። ፎቶ የሚያነሳ አልነበረም፤ እኔም አላነሳሁም።

ለፋሲካ የሰጠ ሰው ብዙ ነው፤ ለእንቁጣጣሽም ይሰጣል። በመካከል ያሉት ወራት ግን ረጃጅም ናቸው፤ አስታማሚም በዓል አይቶ አይመጣም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት፣ በማንኛውም ተራ ቀን፣ ከሥራ ስትወጡ ሁለት ፔርሙዝ ሻይና ትኩስ ዳቦ ይዛችሁ በሆስፒታሉ በኩል እለፉ። ለበሽተኛው ሳይሆን ለአስታማሚው። ስኳሩን ሻዩ ውስጥ አታድርጉት፣ ለብቻ ያዙት፤ የስኳር ሕመም ያለበት አይጠፋም።