መከታ የሌለው ሰገነት



በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ውስጥ ብዙዎቻችን ሳናስተውላት የምናልፋት አንዲት አጭር ትእዛዝ አለች። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያቆም ታዝዛለች፤ ይህን ሳያደርግ ቀርቶ ሰው ከላይ ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በዚያ ቤት ላይ እንደሚሆንም ታስጠነቅቃለች። በዚያ ዘመን የቤት ጣራ ጠፍጣፋ ነበር፤ ሰው ይተኛበታል፣ እህል ያሰጣበታል፣ ይሠራበታል። ስለዚህ ትእዛዟን በዛሬው አነጋገር የሥራ ቦታ ደኅንነት ሕግ ብንላት አልተሳሳትንም። እኔን የምታስደንቀኝ በአንድ ነገር ነው፤ የወደቀውን ሰው «ለምን ተጠንቅቀህ አልተራመድህም?» ብላ አትወቅሰውም። የምትጠይቀው ባለቤቱን ነው፤ መከታው የት አለ?

ይህን የማነሣው በእርሻ ሥራ ላይ ስላሉት ወገኖቻችን ነው። በእስራኤል የምንኖር አማርኛ ተናጋሪ ካቶሊካውያን አብዛኞቻችን የምንሠራው በጽዳት፣ በሆቴልና በምግብ ቤት ነው። የእርሻውን ሥራ ለረጅም ዘመን በብዛት ይዘውት የኖሩት ከታይላንድ የመጡ ሠራተኞች ነበሩ። በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሲነሣ ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ፍልስጥኤማውያን ሠራተኞችም እንዳይገቡ ተከለከሉ፤ እርሻዎቹም ሰው አጡ። ከዚያ ወዲህ ከእኛም መካከል ማለዳ በሚኒባስ ተጭነው ወደ ግሪንሃውሱ፣ ወደ ወይኑና ወደ ተምሩ የሚሄዱ አሉ። እሑድ ለቅዳሴ ሲመጡ በእጃቸው አውቃቸዋለሁ።

ከእነርሱ አንዱ ያደረሰብኝን ጸጸት ልንገራችሁ። ነገሩን የነገረኝ በንስሐ አይደለም፤ እንድጽፈውም ፈቅዶልኛል፤ ስሙንና ቦታውን ግን አልጠራም። ትራክተር በሚጎትተው ጋሪ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ከማሳ ወደ ማሳ ሲሄድ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ጎማው እግሩ ላይ ወጣ። አሠሪው በራሱ መኪና ሐኪም ቤት ወሰደው፤ በመንገድም ላይ «ቤቴ ደረጃ ላይ ወደቅሁ በል፤ እኔ እረዳሃለሁ» አለው። እርሱም እንደተባለው ተናገረ። ልጠይቀው በሄድሁ ጊዜ አሠሪው በየሳምንቱ ምግብና ጥቂት ገንዘብ ያመጣለት ነበር። እኔም «ሕይወትህ ስለተረፈ እግዚአብሔርን አመስግን፤ ሰውየውንም ይቅር በለው» ብዬው፣ ጸልዬለት ተመለስሁ።

የተናገርሁት ሐሰት አልነበረም። መጠየቅ የነበረብኝን አንድ ነገር ግን አልጠየቅሁም፤ «ሐኪም ቤት ምን ብለህ ተናገርህ?» አላልሁትም። ከአንድ ዓመት በላይ አልፎ ተመልሶ ሲመጣ ያነክስ ነበር። እርዳታው በሦስተኛው ወር ቆሟል፤ አሠሪው ስልክ አያነሣም፤ የሐኪሙ ወረቀት «በቤቱ ወድቆ» ይላል። ጉዳዩን ያየለት ሰው ጊዜው እንዳለፈና ማስረጃው በራሱ ቃል እንደፈረሰ ነገረው። «አባ፣ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ግን በምን እበላለሁ?» አለኝ። ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

እንግዲህ ዋናው ነገሬ ይህ ነው፦ በሥራ ላይ የደረሰን ጉዳት «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብሎ መሸፈን እምነት አይደለም፤ እውነቱን በጊዜው መናገርም በቀል አይደለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች እንደሞቱ ተጽፏል። ጌታችን እነዚያ ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ተናግሮ፣ አደጋን የእግዚአብሔር ቅጣት አድርጎ የመቁጠርን ልማድ ዘጋው። እኛ ግን ዛሬም አንድ ወንድማችን ሲጎዳ «ዕድሉ ነው»፣ «የታዘዘበት ነው» እንላለን። መከታ ባልተሠራለት ሰገነት ላይ የወደቀውን ሰው በእግዚአብሔር ማሳበብ የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ መጥራት እንዳይሆን እፈራለሁ።

ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21ም ይህንኑ ያጸናል። ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፣ በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ዋጋውን ይከፍላል። ባልንጀራውን መትቶ አልጋ ላይ የጣለ ሰው ደግሞ ሥራ የፈታበትን ጊዜ ይክሳል፤ እስኪድንም ያሳክመዋል። የሕክምና ወጪና የቀረ ደመወዝ፤ ዛሬ የጉዳት መድን የምንለው በእነዚህ በሁለቱ ላይ የቆመ ነው።

ደግሞም መድንን ከፈረንጅ የመጣ እንግዳ ነገር አድርገን አንየው። ዕድር ያለው ሕዝብ ነን። ማንም ሳይሞትበት በየወሩ የሚያዋጣ ሰው፣ ሐዘን በደረሰበት ቀን ድንኳኑ እንደሚተከልለት ያውቃል። ዕድርተኛ ሐዘንተኛውን «በጥፋትህ ነው የደረሰብህ» አይለውም፤ ባለ ሐዘኑም ምጽዋት እንደተቀበለ አይሰማውም። የጉዳት መድንም እንዲሁ ነው፤ ከሠራተኛው ሥራ ጋር የተያያዘ መብት እንጂ የአሠሪው ቸርነት አይደለም።

በዚህ አገር ሕጉ ምን እንደሚል ባጭሩ ላስቀምጥ። ብሔራዊ መድን፣ ሁላችንም ቢቱዋህ ሌኡሚ የምንለው፣ በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበትን ተቀጣሪ ሁሉ ይመለከታል። የውጭ ዜጋ መሆን፣ የጥገኝነት ጥያቄው ገና መልስ ያላገኘ መሆን ከዚህ መድን አያስወጣም። ፈቃዱ ያለቀበት ሰውም «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ከመደምደሙ በፊት ይጠይቅ። ወደ ሥራ ሲሄዱና ከሥራ ሲመለሱ በመንገድ የሚደርስ አደጋም እንደ ሥራ ጉዳት ይቆጠራል። መሥራት ላልቻለ ሰው የሚከፈለው ከጉዳቱ በፊት በነበሩት ሦስት ወራት ካገኘው አማካይ ደመወዝ 75 በመቶ ሲሆን፣ እስከ 91 ቀን ሊደርስ ይችላል። ጉዳቱ ቋሚ ከሆነ ደግሞ እንደ ጉዳቱ መጠን የአንድ ጊዜ ወይም የየወሩ ክፍያ አለ።

ይህ ሁሉ የሚጀምረው ግን ከአንዲት እውነተኛ ቃል ነው። ሐኪሙ «ምን ሆንህ?» ሲል «በሥራ ላይ ሳለሁ ተጎዳሁ፤ ቦታው ይህ ነው፤ ሰዓቱ ይህ ነው» ማለትና ይህም በወረቀቱ ላይ መጻፉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አሠሪው ለሕክምናው ቅጽ 250 የተባለውን ሞልቶ እንዲሰጥ ይጠየቃል። የካሣ ማመልከቻ በ12 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፤ መዘግየት መብትን ሊያሳጣ ይችላል። የደመወዝ ወረቀታችሁን፣ ትሉሹን፣ አትጣሉ፤ ያየ ሰው ካለ ስሙንና ስልኩን ያዙ፤ ቦታውን በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ቋንቋው ለከበደው ደግሞ በቴል አቪቭ ያለው ቃቭ ላኦቬድ የተባለው የሠራተኞች መብት ድርጅት ምክር ይሰጣል።

ካሣ ግን የሚመጣው ከአደጋው በኋላ ነው፤ እግርንም አይተካም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። እርሻ ከማዕድንና ከግንባታ ጋር በዓለም ላይ እጅግ አደገኛ ከሚባሉት ሦስት የሥራ ዘርፎች አንዱ ነው። እኛ የገበሬ ልጆች ስለሆንን «እርሻን ማን ያስተምረናል?» እንላለን። ሞፈርና ቀንበር የምናውቀውን ያህል ግን ትራክተርን አናውቀውም። ትራክተር በተዳፋት ላይ ይገለበጣል፤ ከኋላው የሚሽከረከረው ዘንግ ሽፋን ከሌለው ልብስንና ሻርፕን ይዞ ሰውን ይስባል፤ የጋሪ ጠርዝ መቀመጫ አይደለም። ፀረ ተባይ መድኃኒት በተረጨበት ግሪንሃውስ ውስጥ፣ በዕቃው ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ጊዜ ሳያልፍ መግባት ሳንባንና ቆዳን ይጎዳል። በመድኃኒት የተነከረ ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብም፤ ባዶ የመድኃኒት ጀሪካን ውኃ አይቀዳበትም። በዮርዳኖስ ሸለቆና በአራባ የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከደጋ የመጣ ሰው ሰውነቱ እስኪለምደው ቀናት ይፈልጋል፤ ጥላ፣ ውኃና ዕረፍት ቅንጦት አይደሉም።

በዚህ አገር አሠሪው ለሥራው የሚያስፈልገውን መከላከያ፣ ጓንቱንና የመተንፈሻ ጭምብሉን ጨምሮ፣ የመስጠት ግዴታ አለበት። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ደግሞ ስለ ሥራው አደጋ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሠራተኛውን እንዲያስተምርና መረዳቱንም እንዲያረጋግጥ ያዝዛል። በማይገባን ቋንቋ በተጻፈ ወረቀት ላይ መፈረም ትምህርት አይደለም። «አልገባኝም» ማለት አያሳፍርም፤ ሳይገባን ፈርመን መጎዳት ግን ያሳዝናል።

ፍርሃታችሁን አውቃለሁ። «ብናገር ነገ ሚኒባሱ ጥሎኝ ይሄዳል» የሚለኝን ሰው ፈሪ አልለውም፤ በአገር ቤት እናቱ የምትጠብቀው ገንዘብ አለ። አንዳንዱ ደግሞ «አሠሪዬ ደግ ሰው ነው፤ እንዴት እከስሰዋለሁ?» ይላል። ለዚህኛው መልስ አለኝ። ጉዳትን ለብሔራዊ መድን ማሳወቅ ክስ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ 12 ቀናት ክፍያ በአሠሪው ላይ ቢያርፍም ከዚያ በኋላ ያለው ከመድኑ ይወጣል፤ ደጉን አሠሪ ሊሸከመው ከማይችለው ዕዳ የሚያድነው ይኸው ነው። ለፈራው ሰው ግን ብቻውን እንዲደፍር አልነግረውም፤ ብቻውን እንዳይሆን ማድረግ የእኛ የማኅበሩ ሥራ ነው።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ነገር ላይ ዝም ብላ አታውቅም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ በ1961 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ማቴር ኤት ማጂስትራ» የገበሬው ማኅበራዊ መድን ከሌላው ዘርፍ ሠራተኛ መድን እንዳያንስ አሳስበዋል። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በ1981 እ.ኤ.አ. «ላቦሬም ኤክሴርቼንስ» በተባለው መልእክታቸው የሠራተኛውን ጤና የማይጎዳ የሥራ ቦታ መብት መሆኑን፣ በሥራ ላይ አደጋ ለደረሰበትም ሕክምና በቀላሉ ሊገኝ እንደሚገባ አስተምረዋል፤ የእርሻ ሠራተኛው የሕግ ከለላ ማጣቱንም በስም ጠርተው ወቅሰዋል። እኔ ይህን ሁሉ በዘርዐ ክህነት ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ተፈትኜበታለሁ። በዚያ ወንድም አልጋ አጠገብ ቆሜ ግን አላስታወስሁትም። የተማሩትን በሚያስፈልግበት ሰዓት መርሳት ካለማወቅ ይከፋል።

አንድ መራራ ነገር ልጨምር። ማለዳ ሠራተኛ ሰብስቦ የሚያጓጉዘው፣ ከደመወዙም የሚቆርጠው ሰው አንዳንድ ጊዜ ከእኛው ወገን ነው፤ እሑድ አብሮን ይቆርባል። ለእርሱ የምለው በፍቅር ነው፦ ወንድምህን ወደ መስክ ስትወስደው ጓንት እንዳለው ጠይቅ፤ ሲጎዳ ስሙን ከዝርዝርህ አትሰርዝ፤ «ቤቴ ወደቅሁ በል» የምትለው አንተ አትሁን። የሐዋርያው ያዕቆብ መልእክት እርሻ ያጨዱት ሠራተኞች የተከለከሉት ደመወዝ ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚጮኽ ይናገራል። የተሸፈነ ቁስልም ይጮኻል።

ለቀራችሁት ሁሉ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። የተጎዳን ሰው ልትጠይቁ ስትሄዱ ብርቱካኑንና ጸሎቱን ይዛችሁ፣ ሦስት ጥያቄም ይዛችሁ ሂዱ፦ በሥራ ላይ ነበርህን? ሐኪም ቤት እውነቱን ተናገርህን? ማመልከቻው ገብቷልን? ዕብራይስጥ የምታውቁ ወጣቶች አንድ ቀን ወስዳችሁ አብራችሁ ወደ ቢሮው ሂዱ። ይህም በሽተኛን ከመጠየቅ የምሕረት ሥራ አይለይም።

እኔም ከዚያ ወንድም ወዲህ ሦስቱን ጥያቄዎች ሳልጠይቅ ከማንም አልጋ አጠገብ አልነሣም። ለእርሱ ዘግይቻለሁ፤ ለሚቀጥለው እንዳልዘገይ ጸልዩልኝ።

በገዛ እጁ ሠርቶ የኖረው የናዝሬቱ ሠራተኛ ቅዱስ ዮሴፍ በመስክ ያሉትን ልጆቻችንን ይጠብቅልን። አሜን።