የሾፌሩ ዕረፍት ይጻፍ

የመግሪብ አዛን ሊሰማ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው በብዙ ቤት ስልክ ይደወላል። ተምሩ ቀርቧል፤ ሾርባው ይጨሳል፤ ሳምቡሳው ከዘይት ወጥቷል። የአባወራው ቦታ ግን ባዶ ነው። «የት ደረስክ?» እንላለን። «ሚሌን አልፌያለሁ» ይላል፤ ወይም «ጋላፊ ወረፋ ላይ ነኝ»። «ተኝተህ ነበር ወይ?» ስንለው «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ብሎ ይዘጋዋል። እኛ የከባድ መኪና ሾፌሮች ቤተሰቦች ረመዳንን የምናሳልፈው በዚህ ስልክ ነው። ስንት ሰዓት እንደነዳና መቼ እንዳረፈ እኛ አናውቅም። ብዙ ጊዜም የትም ተጽፎ አይገኝም።

ከአዲስ አበባ በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ የሚያደርሰው መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሀገራችን የገቢና የወጪ ዕቃ አብዛኛው በዚያ ወደብ ያልፋል። የአፋር ቆላ ሙቀት ሲበረታ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይበልጣል። በረመዳን ደግሞ ሾፌሩ ለሱሑር ሌሊት ይነሳል፤ ከኢፍጧር በኋላ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል መንገዱን ይቀጥላል። እንቅልፉ ከሁለቱም ወገን ይቆረጣል።

ለመንገደኛ ጾሙን ፈቶ በሌላ ቀን ቀዷ ማውጣት እንደተፈቀደ በሱረቱል በቀራ ሰፍሯል። ኑሯቸው በሙሉ መንገድ የሆነ ሾፌሮች ግን «ቀዷውስ መቼ ሊወጣ ነው?» ብለው ይጾማሉ። ይህ በእነሱና በጌታቸው መካከል ያለ ጉዳይ ነው። እንቅልፍ ግን ሌላ ነገር ነው። የጾመም ሆነ ያልጾመ፣ ያልተኛ ሰው መሪ ላይ ያንቀላፋል።

ሕጉ ስለ ዕረፍት ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ ገድቧል። በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥም ያዛል። ነገር ግን ሰዓቱ ካልተጻፈ መተላለፉን ማን ያውቃል? ክፍያው በቢያጆ ሲታሰብ ደግሞ የቆመ ሁሉ የከሰረ ይመስላል። ሾፌሩ ራሱ ዕረፍቱን ይሸጣል፤ ገዢውም አይጠፋም።

«መኪናው ላይ ጂፒኤስ አለ፤ ሌላ መዝገብ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ጂፒኤስ የሚያውቀው መኪናውን እንጂ ሰውየውን አይደለም። መኪናው ስድስት ሰዓት ቢቆም ስድስት ሰዓት ቆመ ይላል። ሾፌሩ በዚያ ስድስት ሰዓት ተኝቶ ይሁን፣ ወደብ ላይ ጭነት እያስጫነ፣ ጎማ እየቀየረ ወይም ኬላ ላይ በወረፋ እየተገፋ፣ አይናገርም። ወረፋ ዕረፍት አይደለም። በአውሮፓ ሕብረት አገሮች ከባድ መኪኖች ላይ የሚገጠመው ታኮግራፍ መንዳትን፣ ሌላ ሥራን፣ ጥበቃንና ዕረፍትን ለየብቻ የሚመዘግበው ለዚህ ነው። እዚያ አራት ሰዓት ተኩል የነዳ ሾፌር ቢያንስ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት። የዓለም ሥራ ድርጅትም በ1979 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስምምነት ቁጥር 153 ለሾፌሮች በቀን ቢያንስ 10 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍትን ደንግጎ፣ የግል መቆጣጠሪያ ደብተርን ጉዳይ በውስጡ አካቷል። ነገሩ ውድ መሣሪያ እስኪመጣ የሚጠበቅ አይደለም። በደብተርና በእስክሪብቶ ይጀመራል።

ከሾፌሮቻችን የምንሰማው ሥጋት አለ፤ ትክክለኛም ነው። «ከተጻፈ መቅጫ ይሆንብናል፤ ቢያጆ ይቀንስብናል» ይላሉ። መዝገቡ ለቅጣት ብቻ ከዋለ በእርግጥም ውሸት ይሞላበታል። ስለዚህ ክፍያው የወረፋውንና የጥበቃውን ሰዓት ጭምር ማሰብ ይኖርበታል። ግን ሌላውንም ጎን እንይ። አደጋ ሲደርስ የሚጠየቀው መሪ የያዘው ነው። «አንቀላፍቶ ነው» ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል። ከዚያ በፊት ስንት ሰዓት ሳይተኛ እንደቆየ፣ «ቶሎ ድረስ» ያለውም ማን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት የለም። የሚጻፍ ሰዓት ለሾፌሩ ምስክሩ ነው። ቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አያ ዕዳ እንዲጻፍ የሚያዝ ነው። ዕረፍትም የሠራተኛ ሐቅ፣ የአሠሪ ዕዳ ነው።

እናም ከባለ መኪናዎችና ከስምሪት ክፍሎች የምንፈልገው ከባድ አይደለም። በየመኪናው አንድ ደብተር ይኑር። ሞተር የተነሳበት፣ የቆመበት፣ የቆመበት ምክንያትና የተተኛበት ሰዓት ይጻፍበት። ቢያጆው ሲያልቅ ሾፌሩም ስምሪቱም ይፈርሙበት፤ አንድ ቅጂ በሾፌሩ እጅ ይቅር። በረመዳን ጉዞው ሲታቀድ ኢፍጧር፣ ሱሑርና በመካከላቸው ያለው እንቅልፍ አብረው ይታሰቡ። ተቆጣጣሪው አካልም ሊብሬና መንጃ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ደብተሩንም ይጠይቅ።

እኛስ? ራሳችንን ነጻ አናውጣ። ዒድ ሲቃረብ «ለሶላቱ ድረስልን፣ ልጆቹ እየጠበቁህ ነው» ብለን የምንደውለው እኛ ነን። ከሎግያ ወይም ከአዋሽ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ የሚነዳው ለአሠሪው ብቻ ሳይሆን ለእኛም ሲል ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ጥያቄያችንን እንቀይር። «የት ደረስክ?» ከማለታችን በፊት «ስንት ሰዓት ተኛህ?» እንበለው። ካልተኛ «መኪናውን ጥግ አስይዘህ ተኛ» እንበለው።  በሁለተኛውም ቀን ቢገባ ሳህኑን ከድነን እንጠብቀዋለን።