«ታዲያ ዳኛው ምን ይሠራል?»

ነገሩ የሆነው እዚሁ ሚኒሶታ ውስጥ፣ በረዶው መኪና በዋጠበት አንድ ማክሰኞ ምሽት ነው። ዘመኑ ከ2023 በፊት ነው። የአንዱ ባልደረባችን ታናሽ ወንድም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር፤ ለትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ቡድን ይጫወታል። ያን ምሽት በራሳቸው ሜዳ የመጨረሻ ጨዋታው ስለነበር ተሰብስበን ሄድን። አባቱም ከሥራ በቀጥታ መጥተው፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ከጎናችን ተቀመጡ። ጋሼ ነው የምንላቸው። የእግር ኳስ ሰው ናቸው፤ ቅርጫት ኳስን የተማሩት ልጃቸው ስለሚጫወት ብቻ ነው።

ጨዋታው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው እንግዳው ቡድን በሦስት ነጥብ መራ። ከዚያ በኋላ አንዱ ልጅ ኳሷን ይዞ መሐል ሜዳው አጠገብ ቆመ። ቆመ ስንል በቃ ቆመ። የእኛዎቹ ደግሞ ቅርጫታቸው ሥር ተደርድረው ይጠብቁታል። አሰልጣኛቸው፣ ወጥተው ሲያሳድዱ ከኋላ ሰው እንዳያመልጣቸው ፈርቶ «አትውጡ!» ብሏቸዋል። አሥር ልጆች እየተያዩ ቆሙ። ሰዓቱ ብቻ ይሮጣል።

«ምነው፣ ሰው ተጎዳ እንዴ?» አሉ ጋሼ።

«የለም ጋሼ፣ ሰዓት እየገደሉ ነው።»

«ገና አምስት ደቂቃ እያለ?»

«አዎ። መብታቸው ነው።»

«ታዲያ ዳኛው ምን ይሠራል?»

መልስ አልነበረንም። ዳኛውም እንደ እኛው እያየ ነበር። ወደ ሦስት ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ እንዲህ አለፈ። መጨረሻ ላይ የእኛዎቹ ሲጨንቃቸው ወጡ፣ ፋውል ሠሩ፣ ተሸነፉ። መሸነፍ ያለ ነው፤ በእሱ አናለቅስም። ያ ልጅ ግን በትምህርት ቤቱ ሜዳ የተጫወታቸውን የመጨረሻ ደቂቃዎች ያሳለፈው እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሞ ነው። ይኸው ነው የሚቆጨን።

እንግዲህ ዛሬ ልናነሳ የፈለግነው ጉዳይ ይኸው ነው፤ በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቅርጫት ኳስ «ሾት ክሎክ» ይግባ ወይስ አይግባ? ለማታውቁት ባጭሩ፣ ሾት ክሎክ ማለት ኳስ የያዘ ቡድን በተወሰነ ሰከንድ ውስጥ ወደ ቅርጫቱ እንዲወረውር የሚያስገድድ፣ ከቅርጫቱ በላይ ቁጥሩ እየቀነሰ የሚታይ ሰዓት ነው። ቁጥሩ ዜሮ ሲደርስ ሳይወረውር የተገኘ ቡድን ኳሷን ለሌላው ያስረክባል። እኛ በሁሉም ክፍለ ግዛቶች፣ ቢያንስ በዋናው የትምህርት ቤት ቡድን ደረጃ፣ መግባት አለበት ባዮች ነን። ምክንያታችንን እንዘርዝር፤ የተቃዋሚዎችንም አንደብቅም።

መጀመሪያ ትንሽ ታሪክ። በኤንቢኤ ታሪክ አነስተኛው ውጤት የተመዘገበው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? እዚሁ ሚኒያፖሊስ ነው። ኖቬምበር 22 ቀን 1950 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ) የፎርት ዌይን ፒስተንስ ቡድን በዘመኑ ኃያል የነበረውን ሚኒያፖሊስ ሌከርስን 19 ለ18 አሸነፈ። ሌከርሶች ጆርጅ ማይካን የሚባል ግዙፍ ሰው ነበራቸው፤ ከ18ቱ ነጥቦች 15ቱን ያገባው እሱ ብቻውን ነው። ፎርት ዌይኖች ከእሱ ጋር ከመጋፈጥ ኳሷን ይዞ መቆም ይሻላል አሉ፤ ቆሙም። የገባው ሕዝብ ገንዘብ ከፍሎ ሰው ሲቆም አየ።

ሊጉ እንዲህ እያለ ከሄደ ተመልካች እንደሚሸሸው ገባው። የሰራኪውዝ ቡድን ባለቤት ዳኒ ቢያሶንና ሥራ አስኪያጁ ሊዮ ፌሪስ አንድ ቀላል ሒሳብ ይዘው መጡ። ጨዋታው 48 ደቂቃ፣ ማለትም 2,880 ሰከንድ ነው። ደስ የሚል ጨዋታ ላይ ሁለቱ ቡድኖች በድምሩ 120 ጊዜ ያህል ይወረውራሉ። 2,880ን ለ120 ስታካፍሉት 24 ይመጣል። የ24 ሰከንዱ ሕግ የተወለደው በዚህች ማካፈል ነው። በ1954–55 የውድድር ዘመን ሥራ ላይ ሲውል የአንድ ቡድን አማካይ ነጥብ ከ80 ገደማ ወደ 93 ዘለለ።

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ይህ ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞከረው በኦገስት 1954 ሰራኪውዝ ከተማ ውስጥ በአንድ የሙያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂም ነበር። ሃይስኩል ቤቱን አበድሮ ያስመረቀውን ሰዓት፣ ራሱ ሃይስኩል ለመቀበል ሰባ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር!

ኮሌጆችም ዘግይተዋል። ሴቶቹ በ1970ዎቹ መጀመሪያ 30 ሰከንድ ሲጫወቱ ወንዶቹ «አያስፈልገንም» ብለው ተቀመጡ። በ1982 ማይክል ጆርዳንና ጄምስ ወርዚ የተሰለፉበት የኖርዝ ካሮላይና ቡድን በኮንፈረንሱ ፍጻሜ ቨርጂኒያን 47 ለ45 ሲያሸንፍ ብዙ ደቂቃዎችን ኳስ እየተቀባበለ ብቻ ፈጃቸው። አስቡት፣ ማይክል ጆርዳን ሜዳ ላይ ሆኖ ኳስ ሲያቆይ! ከዚያ በኋላ ነው በ1985–86 የ45 ሰከንድ ሕግ የወጣው፤ ወደ 35፣ በኋላም በ2015–16 ወደ 30 ወረደ።

ሃይስኩሎቹን በተመለከተ፣ ሕግ የሚያወጣላቸው ብሔራዊ ፌዴሬሽን እስከ 2021 ድረስ ሾት ክሎክን በመመሪያው አላስገባም ነበር። እንደ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ያሉ ጥቂት ክፍለ ግዛቶች በራሳቸው ሥልጣን ቀድመው ተጠቅመውበታል። በ2021 ፌዴሬሽኑ ከ2022–23 ጀምሮ የፈለገ ክፍለ ግዛት 35 ሰከንድ መጠቀም ይችላል ብሎ ወሰነ። «የፈለገ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልን። ሚኒሶታ ፈለገች፤ ከ2023–24 ጀምሮ በዋናው ቡድን ጨዋታዎች ላይ ሰዓቱ ተሰቀለ። ያልፈለጉ ግን አሉ። በፌብሩዋሪ 2023 ኦክላሆማ ውስጥ ዌዘርፎርድና አናዳርኮ የተባሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች ተጫውተው 4 ለ2 ተለያዩ። የእግር ኳስ ውጤት አይደለም፣ የቅርጫት ኳስ ነው።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎች እንምጣ።

አንደኛው ክርክራቸው «ኳስ የያዘውን ወጥታችሁ ቀሙት፤ ማን ከለከላችሁ?» የሚል ነው። ሕጉም ይህን ያስባል። ተከላካይ ስድስት ጫማ ያህል ቀርቦ ሲጠብቀው፣ ኳሷን ከፊት ሜዳ ይዞ የቆመ ተጫዋች ላይ ዳኛው አምስት ሰከንድ ይቆጥርበታል። የሚቀርበው ከሌለ ግን አይቆጥርም፤ የጋሼ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነበር። ለሚመራ ቡድን ሲሆን ክርክሩ ጥቂት ውኃ ይቋጥራል፤ የተመራው ይውጣ። ሁለቱ እኩል ሲሆኑስ? በ2014 በዚሁ ክፍለ ግዛት ሆፕኪንስና ሻኮፒ ለግማሽ ፍጻሜ ሲገናኙ እኩል ሆነው አራት ተጨማሪ ሰዓት ተጫወቱ። ከዚያ ውስጥ ብዙው ያለፈው ኳስ ይዞ በመቆም ነው። መጨረሻው እርግጥ ያምራል፤ አሚር ኮፊ፣ በኋላ ኤንቢኤ የገባው ልጅ፣ ከግማሽ ሜዳ ወርውሮ አስገባና ሆፕኪንስ 49 ለ46 አሸነፈ። ሰዉ ዛሬም የሚያወራው ስለዚያች አንድ ውርወራ ነው። ከእሷ በፊት ስለነበረው ዝምታ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ክርክር ከሁሉም የሚከብደን ነው። «ኳስ ማቆየት የደካማው ወንጭፍ ነው» ይላሉ። አምስት ረጃጅም ልጆች ያሉትን ትልቅ ትምህርት ቤት፣ አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት በምን ታሸንፈው? ጨዋታውን ካላሳጠረች በቀር ተስፋ የላትም። እውነት አለው። ከላይ የነገርናችሁ ፎርት ዌይን ደካማው ወገን ነበር፤ ወንጭፉም ሠርቶለታል። ነገር ግን ወንጭፉ በማን እጅ እንደገባ እንይ። ኖርዝ ካሮላይና ደካማ ነበር? ሆፕኪንስ በዚያ ዘመን ደካማ ነበር? ኳስ ይዞ ለመቆየት እኮ ኳስ የማይቀማ፣ በደንብ የሚያነጥር ልጅ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ልጅ የሚበዛው ጠንካራው ቡድን ውስጥ ነው። ብልጫ የያዘው ቡድን መሪነቱን ካገኘ በኋላ በሩን ዘግቶ ቁልፉን ኪሱ የሚከተው በዚሁ ዘዴ ነው። ደካማው ከኋላ ተነሥቶ እንዳይደርስበት የሚከለክለውም ይኸው ነው። ሾት ክሎክ ለደካማው አንድ መሣሪያ ይነጥቀዋል፤ በምትኩ ግን እስከ መጨረሻው ደቂቃ ኳስ ተመልሳ እንደምትመጣለት ዋስትና ይሰጠዋል። እኛ ልውውጡ ያዋጣል እንላለን።

ሦስተኛው «ልጆቹን ያጣድፋቸዋል፤ ዝም ብለው እንዲወረውሩ ያደርጋል» የሚል ነው። እስኪ እንደ ቢያሶን እናስላ። የሚኒሶታ ሃይስኩል ጨዋታ 36 ደቂቃ፣ ማለትም 2,160 ሰከንድ ነው። ሁለቱም ቡድኖች በየተራው 35ቱንም ሰከንድ አሟጠው ቢጠቀሙ እንኳ እያንዳንዱ 30 ጊዜ ያህል ኳስ ይይዛል። ይህ ጥድፊያ ነው? ሠላሳ አምስት ሰከንድ ማለት ኳሷን ወደ ፊት አምጥቶ፣ አንድ የተጠና ቅብብል ሞክሮ፣ ሲከሽፍ ሁለተኛ መሞከሪያ የሚተርፍ ጊዜ ነው። በእርጋታ የሚጫወት ቡድን አሁንም በእርጋታ መጫወት ይችላል። የቀረበት ነገር ቢኖር አለመጫወት ብቻ ነው።

አራተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ይህንን በቀልድ አናልፈውም። መሣሪያው ብዙ ጊዜ ከ2,000 እስከ 5,000 ዶላር እንደሚፈጅ ይነገራል። በዚያ ላይ በየጨዋታው ቁልፉን የሚጫን ሰው ያስፈልጋል። ሥራው ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ኳሷ የቅርጫቱን ብረት ነካች ወይስ አልነካችም? ተቀየረች ወይስ ተነካች ብቻ? ያ ሰው አንዴ ከተሳሳተ አንድ ቡድን ይጎዳል። ሀብታሙ ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት ይህንን በአንድ የወላጆች ራት ግብዣ ይሰበስበዋል። ልጆቻችን የሚማሩባቸው ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ግን ለማሊያ እንኳ ኬክ እየሸጡ ነው። ስለዚህ «ግቡበት» ብሎ አዝዞ ዞር ማለት አይገባም። የየክፍለ ግዛቱ ማኅበር ቢያንስ ሁለት ዓመት የዝግጅት ጊዜ ይስጥ፤ አቅም ለሌላቸው መግዣውን ይደግፍ፤ ቁልፍ የሚጫኑትንም በነፃ ያሠልጥን። የታናናሾቹ ቡድኖች ገና ኳስ ማንጠር እየለመዱ ነውና ይቆዩ።

የእግር ኳስ ወዳጆቻችን ይህ ነገር አዲስ አይሆንባችሁም። ተከላካይ ለበረኛ መልሶ እየሰጠ፣ በረኛው እያቀፈ ሰዓት ሲገደል የኖረበት ዘመን ነበር፤ በ1992 በረኛ ከጓደኛው እግር የመጣለትን ኳስ በእጁ እንዳይነካ ተከለከለ። በ2025 ደግሞ ኳስ ከስምንት ሰከንድ በላይ ያቀፈ በረኛ ማዕዘን ምት እንዲያስቆጥርበት ተወሰነ። ሁለቱም ሲወጡ «ጨዋታው ተበላሸ» ያለ አልጠፋም። ዛሬ የ1992ቱ ሕግ ይነሣ የሚል ሰው ግን አጋጥሞን አያውቅም።

በመጨረሻ ወደ ጋሼ እንመለስ። ልጃቸው ተመርቆ ሄዷል፤ ለእሱ ሰዓቱ አልደረሰለትም። አሁን ሴት ልጃቸው ትጫወታለች። ባለፈው አብረናቸው ሄድን። ከቅርጫቱ በላይ ቀዩ ቁጥር 35፣ 34፣ 33 እያለ ሲወርድ መጀመሪያ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ፤ ነገርናቸው። በሁለተኛው አጋማሽ ካፖርታቸውን አውልቀው፣ ቁጥሩ አምስት ሲደርስ ከተማሪዎቹ ጋር አብረው በአማርኛ ይቆጥሩ ነበር። ልጅቷ በጣም አፈረች። ቡድኑ ተሸነፈ፣ ግን እስከ መጨረሻው ሠላሳ ሰከንድ ድረስ እየሮጠ ነው የተሸነፈው።

ሾት ክሎክ ባልገባባቸው ክፍለ ግዛቶች የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ አንድ ልመና አለን። ይህን ነገር የሚወስኑት የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ናቸው፤ እነሱም ወላጅ የሚናገርበት ስብሰባ ያደርጋሉ። እኛ ሐበሾች ጨዋታው ላይ እንጂ ስብሰባው ላይ አንታይም። ሄዳችሁ ተቀመጡ፣ እጃችሁን አውጡ፣ የጋሼን ጥያቄ ጠይቁልን።